እንግዳ ሲገባ ጭራቅ አይጠብቅም

ስሚኝማ የኔ ማር፣ ሻይሽን ያዢና ቁጭ በይ፤ ይቺን ሳልነግርሽ ካደርኩ ምላሴን ያሳክከኛል። ብቻ መሃል ላይ «እሺ ከዚያስ?» እያልሽ አታጣድፊኝ፣ ራሴው እደርስበታለሁ። የምነግርሽ የሽቦን ጉድ ነው። ሽቦ ማለት ያቺ ትምህርት ጨርሳ ውጤት እየጠበቀች ያለችው ልጅ ናት። ውጤት እየጠበቀች ነው ማለት ደግሞ ምንም እየሠራች አይደለም ማለት ነው፣ መቼም አንቺ ይሄ አይጠፋሽም። ሽቦ ያሏት ቀጭን ስለሆነች ብቻ እንዳይመስልሽ። ተጣጥፋ ተጠማዝዛ የማትገባበት ቀዳዳ ስለሌለ ነው።

ይቺ ሽቦ የምትተኛው ሳሎን ነው፣ ሶፋ ላይ። ሶፋው ባልከፋ፤ ግን ሳሎኑ የእናቷ መሥሪያ ቤትም ነው። እናቷ መጋረጃ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ትርርር ይላል፣ ጨርቁ ከጠረጴዛ ወርዶ መሬቱን ያለብሰዋል። ሽቦ ጠዋት ስትነሳ ፀጉሯ ላይ ክር፣ ካልሲዋ ላይ ክር። አንዴማ ትራሷ ላይ መርፌ አግኝታ «እማዬ፣ ልትገድይኝ ነው እንዴ?» ብላ ብትጮህ እናቷ ምን አለቻት መሰለሽ? «ተመስገን! ስፈልጋት ነበር!»

ታላቅ ወንድሟ ስልክ ጥገና ቤት ነው የሚሠራው። እቤት ሲገባ ግን ሥራው ማዘዝ ነው። «ውሃ አምጪ፣ ቻርጀሬን አምጪ፣ ድምፁን ቀንሺ።» ስለዚህ ሽቦ ጄኔራሉ ትለዋለች። ጄኔራሉ የሚተኛው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ባለችው ዕቃ ቤት ነው፤ እግሩን ሲዘረጋ ካርቶን ይመታል፣ ሲያጥፍ መጥረጊያ ይወድቅበታል። አባታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ሩቅ መንገድ ላይ ነው፣ ለዚህ ታሪክ አይደርስም፣ ተይው።

እንግዲህ ትልቋ እህታቸው አገባችና ወጣች። ክፍሏ ባዶ ቀረ። ምን ዓይነት ክፍል መሰለሽ! መስኮቱ መንገዱን ያያል፣ ከመስኮቱ ፊት ዛፍ አለ፣ በሩ ቁልፍ አለው። ቁልፍ እኮ ነው የምልሽ! ሽቦ በሕይወቷ የሚቆለፍ ነገር ኖሯት አያውቅም፤ ሻንጣዋ እንኳ ዚፑ የተበላሸ ነው። የሙሽሮቹ መኪና ገና ከሰፈር ሳይወጣ ሽቦ ትራሷን፣ ጄኔራሉ ፍራሹን ይዘው እዛች በር ላይ ተጋጩ። እሷ ገፋች፣ እሱ ገፋ፣ ፍራሹ በሩ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ፣ ሁለቱም አልገቡም።

እናትየው ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ መጣች። አየቻቸው። አልተቆጣችም፤ የእናት አለመቆጣት ደግሞ ከቁጣው ይብሳል፣ ታውቂዋለሽ።

«እስከ እሁድ ማታ ተስማሙ» አለች። «ካልተስማማችሁ መኪናዬን አስገባበታለሁ። መብራቱም ይመቸዋል።»

«እማዬ፣ ለስፌት መኪና ነው መስኮት የምትሰጪው?» አለች ሽቦ።

«እሱ ሠርቶ ያበላኛል። እናንተስ?»

ጄኔራሉ ፍራሹን ከበሩ ላይ ነቅሎ አወጣ።

ያኔ ነው ጄኔራሉ ያቺን ሐሳብ ያመጣት። «ሰባት በር ይፍረደን» አለ።

ሰባት በር ጌም ነው። ሁለቱም ሲያድጉ አብሯቸው ያደገ፣ ነፍሳቸውን የሚሰጡለት ጌም። አንድ ባዶ እጁን የሆነ ሰው ይሰጥሻል፣ ጫማ እንኳ የለውም። እንጨት እየፈለጥሽ፣ ለመንደር ሰው እየተላላክሽ፣ ክፉ ስትሆኚ ክፉ፣ ደግ ስትሆኚ ደግ እየተባልሽ ታሳድጊዋለሽ። እያንዳንዱ በር ላይ የሚጠብቅሽ ጭራቅ አለ። ውጊያው ደግሞ እንደ ካርታ ጨዋታ ተራ በተራ አይደለም፤ ጭራቁ አይጠብቅሽም። ስታስቢ ይመታሻል፣ ስታስነጥሺ ይመታሻል። ሰባተኛው በር ላይ ያለውማ ስሙ ራሱ እንቅልፍ አልባ ነው፤ እሱ ጋ ከገባሽ ማቆሚያው ቁልፍ እንኳ አይሠራም። ወይ ትገድይዋለሽ ወይ ትሞቻለሽ፣ ሽንት ቤት መሄድ የለም።

ሽቦ ያሳደገቻት ልጅ ስሟ ቁንጫ ነው፤ ሁለት ጩቤ ይዛ የምትዘል ጉልበተኛ። የጄኔራሉ ደግሞ ተራራ ይባላል፤ ብረት ለብሶ መጥረቢያ የተሸከመ፣ ለመዞር ጊዜ የሚፈልግ ሰውዬ። ሁለቱም ስድስቱን በር አልፈዋል። ሰባተኛው ግን ስንት ጊዜ እንደበላቸው ተይው።

«ተራ በተራ እንገባለን» አለ ጄኔራሉ። «የሞተ ጆይስቲኩን ያስረክባል፣ ተራው ለሌላው። እንቅልፍ አልባን የገደለ ክፍሉን ይወስዳል።»

«ወንድ ልጅ ቃሉን አይበላም» አለች ሽቦ።

«ሴትም አትበላም።»

እናትየው ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስለነበር በአፍንጫዋ ነው የተናገረችው። «ሰምቻለሁ። የገደለ ይወስዳል። ነገ ሌላ ነገር ነበር ያልነው ብትሉኝ መኪናዬ ይገባል።»

አሁን የዚያን ቤት አንድ ሕግ ልንገርሽ፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ስለሆነ። ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ነው። ማንኪያ አፍሽ ውስጥ ቢሆን ማንኪያውን አስቀምጠሽ፣ ስልክ ጆሮሽ ላይ ቢሆን ስልኩን ጥለሽ፣ ብድግ! ሰላምታ ደግሞ በሁለት እጅ ነው። አንድ እጅ የዘረጋ ልጅ እናትየው ፊት በሕይወት የለም። ይሄ ሕግ ከልጅነታቸው ጀምሮ እግራቸው ውስጥ ገብቷል፤ አእምሯቸው ሳያዝዘው ጉልበታቸው ራሱ ይነሳል።

ሐሙስ ከሰዓት የሽቦ ተራ ነበር። እንዴት እንደተጫወተች! ቁንጫ በጭራቁ እግር ስር ትሾልካለች፣ ጀርባው ላይ ትወጣለች፣ ትወጋለች፣ ትወርዳለች። የእንቅልፍ አልባ ደም፣ ማለት ላዩ ላይ የምትታየው የዕድሜው ቀይ መስመር፣ ግማሽ ሆነ፣ ከግማሽ በታች ሆነ። ጄኔራሉ ሶፋው ጫፍ ላይ ሆኖ ጥፍሩን ይበላል። ልክ ጭራቁ ሲንገዳገድ በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ!»

ጋሽ ፖስታ ናቸው። ጋሽ ፖስታ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ሰፈሩን በሙሉ ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው አሁን ሰላምታ ያድላሉ። «ሰላምታ እንደ ደብዳቤ ነው፣ ቤት አይዘለልም» ይላሉ፤ አይዘሉምም።

የሽቦ ጉልበት ተነሳ። እጆቿ ሁለቱም ተዘረጉ። ጆይስቲኩ ዱብ!

«ደህና ነሽ ልጄ? ጤናሽስ? ትምህርቱ አለቀ አይደል? እሰይ። አባትሽ መንገዱ ሰላም ነው? የመኪናው ጎማስ ተቀየረለት? ሙሽራዋስ? የሙሽራዋ አማት እግሯን ተሻላት? የስፌት መኪናውስ፣ ያ ማንኮራፋቱን ተወ?»

«ደህና ነው ጋሼ፣ ደህና ናት ጋሼ፣ ተወ ጋሼ...» ሽቦ አፏ ይመልሳል፣ ዓይኗ በጋሽ ፖስታ ትከሻ ላይ አልፎ ቴሌቪዥኑን ያያል። ቁንጫ ዝም ብላ ቆማለች፣ ምስኪን። እንቅልፍ አልባ ቀስ ብሎ መጣ፣ አነሳት፣ እንደ ኦቾሎኒ አፉ ውስጥ ጣላት።

«ማን ነው የጮኸው?» አሉ ጋሽ ፖስታ።

«ቁንጫ ናት ጋሼ። ሞተች።»

«እሰይ! ቁንጫ ቤት ውስጥ መቆየት የለባትም።»

ጄኔራሉ ሳቁን በትራስ አፈነው።

ተራው የእሱ ሆነ፣ ገባ፣ ተራራም ሲዞር ሲዞር ተበላ። እሺ ይሁን፣ አጋጣሚ ነው አለች ሽቦ። አርብ ከሰዓት ተራዋ ደረሰ፤ ከሐሙሱም ይበልጥ አሳምራ ስትዋጋ፣ የጭራቁ ደም ሩብ ሲቀረው፣ «ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ!»

ብድግ። ዱብ። ኦቾሎኒ።

አሁን ግን ጋሽ ፖስታ ሰላምታቸውን እስከ ሙሽራዋ አማት እግር ካደረሱ በኋላ ወንበር ስበው ተመቻችተው ተቀመጡ። «እንግዲህ ከየት ልጀምርልሽ?» አሉ።

«ምኑን ጋሼ?»

«የፖስታ ቤቱን ታሪክ ነዋ! ወንድምሽ ነገረኝ እኮ። ‹እህቴ የእርስዎን ታሪክ ለመስማት ሞታለች፣ ግን አፍራ ነው፣ ከሰዓት ከሰዓት ብቅ ይበሉላት› አለኝ። እኔ እኮ ልጆች ይሄን ነገር የሚፈልጉ አይመስለኝም ነበር።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ መሰለሽ።

ሽቦ ቀስ ብላ ዞረች። ጄኔራሉ ጣሪያውን እያየ ነው፤ ጣሪያው ላይ በጣም የሚያስደስት ነገር ያለ ይመስል።

ታዲያ ምን ታደርጋለች? «ኧረ አልፈልግም ጋሼ» ትበላቸው? አንጀቷ አይችልም። ቁጭ ብላ ሰማች። የትኛው ቀይ በር ውሻ እንዳለው፣ የትኛው ሰማያዊ በር ደብዳቤ ሲቀበል እንደሚያለቅስ፣ ማህተም እንዴት እንደሚመታ። «ማህተም በክንድ አይደለም ልጄ፣ ክንድ ይደክማል። በአውራ ጣት ነው። እንዲህ፣ ጧ ጧ ጧ! እያየሽ ነው? ሳትቆሚ! የቆመ እጅ ደብዳቤ ይቆልላል።» ጠረጴዛው ላይ በአውራ ጣታቸው መቱላት፤ የእናትየው ስፒሎች ከሳህናቸው ዘለሉ።

«እና አንቺ ምን ላይ ነበርሽ?» አሉ ሊወጡ ሲሉ ቴሌቪዥኑን እያዩ።

«ሰባት በር የሚባል ነው ጋሼ። ሰባተኛው በር ላይ ነኝ።»

«ሰባት በር ብቻ? አጭር መስመር ነው፣ አይዞሽ ትጨርሺዋለሽ» ብለው ወጡ።

ሽቦ ወደ ሬድዮ ሮጠች። ሬድዮ ጓደኛዋ ናት፣ አጥር ለአጥር፤ ፀጉር ቤት ሹሩባ ትሠራለች። ሬድዮ ያሏት ወሬ ስለምታበዛ እንዳይመስልሽ፣ የተገላቢጦሽ ነው፤ በቀን አንዴ ተከፍታ አንድ ነገር ተናግራ ትዘጋለች።

«ሰማሽ የሠራኝን? በሽማግሌ! በጨዋነቴ ነው የገደለኝ! እኔ ደግሞ ልክ እንደ በግ ብድግ! ክፍሉ ሊሄድብኝ ነው፣ ሶፋው ላይ አርጅቼ ልሞት ነው፣ መርፌ ትራሴ ላይ ተተክላ! ምን ላድርግ?»

ሬድዮ ማበጠሪያዋን አፏ ውስጥ አድርጋ አሰበች። አወጣችው። «ወንድምሽ ለማን ነው የሚነሳው?»

«ለታላቅ ሁሉ።»

«ለማን ነው ሮጦ የሚነሳው?»

ሽቦ ጥያቄው ገባት። ከዚያ ከንፈሯ ወደ ጆሮዋ መሄድ ጀመረ። ለካስ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ጄኔራሉ ራሱን አሞት ሳያውቅ የራስ ምታት ኪኒን ሲገዛ ወራት ሆኖታል፤ ባለ መድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ቆንጆ ልጅ አለቻት። ልጅቷን ሹሩባ የምትሠራት ሬድዮ ናት። ሴትዮዋ ራሷ ደግሞ ለመድኃኒት ቤቱ መስኮት መጋረጃ ማሰፋት ከፈለገች ቆይታለች። ከዚህ በላይ መንገድ ተጠርጎ ይጠብቅሻል?

ቅዳሜ የጄኔራሉ ተራ ነበር። ጄኔራሉ ሞኝ አይደለም፤ የሠራ ሰው እንደሚሠራበት ያውቃል። በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ መጋረጃውን ዘጋ። «ዛሬ ንጉሥም ቢመጣ አልከፍትም» አለ። እናትየው ጨርቅ ልትመርጥ ወጥታ ነበር። ሽቦ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ እንደ መነኩሴ ቁጭ አለች።

ተራራ ያን ቀን በጥሩ ቀኑ ነበር። መጥረቢያው ባረፈ ቁጥር ጭራቁ ያጓራል። ደሙ ግማሽ ሆነ። ከግማሽ ወረደ። ሽቦ ግን ምንም እንደማታውቅ ሆና ካልሲዋ ላይ ያለውን ክር ትለቅማለች።

ኳ ኳ ኳ።

«ማንም የለም!» አለ ጄኔራሉ።

«እንዴ፣ ታዲያ ማን ነው የሚያናግረኝ?» አለች አንዲት ለስላሳ ድምፅ ከውጪ። «ባለ መድኃኒት ቤቷ ነኝ ልጆች። የመጋረጃ ልኬት ልሰጥ ነው የመጣሁት።»

ውይ አንቺ፣ ማየት ነበረብሽ! ብድግ አይባልም የእሱ፤ ተወርውሮ ነው። ጆይስቲኩ በአንድ በኩል፣ ጫማው በአንድ በኩል። ቁልፉን ከኪሱ ሲያወጣ ኪሱም ተገልብጦ አብሮ ወጣ። «እትዬ! ይግቡ እትዬ! ቦርሳዎን ይስጡኝ! ወንበር! ሽቦ፣ ወንበር! ተይው እኔ አመጣለሁ! ውሃ ይጠጣሉ? ሻይ? መስኮት ልክፈት? ልዝጋ?»

«ተረጋጋ የኔ ልጅ፣ አሁንም ራስህን ያምሃል?»

«እ... አልፎ አልፎ ነው እትዬ።»

ሴትዮዋ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ አረፈ። ተራራ በእግሩ ተንጠልጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይናጣል። «ያ ሰውዬ ግን ምን ሆኖ ነው? ማነው?»

ጄኔራሉ ዞሮ አየ። ስንት ዓመት ያሳደገው ሰው፣ ጫማ የገዛለት፣ ብረት ያለበሰው! «የማውቀው ሰው አይደለም እትዬ» አለ።

ተራራ ተበላ። ሽቦ ሳቋን ለመደበቅ ሙሉ ጥቅል ጨርቅ ውስጥ ራሷን ቀበረች።

እሁድ ማለት እንግዲህ የመጨረሻው ነው። ጠዋት ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ገብተው ሞቱ። እናትየው ደግሞ የእህታቸውን ክፍል ወለል በሜትር ስትለካ ያያሉ። «መኪናው እዚህ፣ ጨርቁ እዚያ...» ትላለች ለራሷ፣ ግን እንዲሰማ አድርጋ። ከምሳ በኋላ የሽቦ ተራ ደረሰ። ከሷ በኋላ ጊዜ ቢቀር ለእሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ዝም ብሎ ፈገግ ይላል። ፈገግታው አላማራትም።

ሬድዮን ጠርታ በር ላይ አቆመቻት። «ጋሽ ፖስታ ከመጡ ያዥልኝ። አውሪያቸው። ከየትም አምጥተሽ አውሪያቸው!»

ሬድዮን! በይ እንግዲህ፣ ዲዳን ሠርግ ዝፈኝ አሏት።

ሽቦ አንድ ነገር ግን አስባ ነበር። ቆማ ነው የጀመረችው። ቴሌቪዥኑ ፊት፣ እግሯን አንፈራጣ፣ ቆማ።

«ለምንድነው የማትቀመጪው?» አለ ጄኔራሉ።

«ሰው ቢገባ ቀድሜ ተነስቻለሁ።»

እናትየው መቀሷን አቆመች። ሳቋን ጉንጯ ውስጥ ያዘችው።

ቁንጫ ገባች። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም በቃል አልችለውም። ዘለለች፣ ተንከባለለች፣ አንድ ጊዜ ጅራቱ መታት፣ ተነሳች። ግማሽ። ሩብ። ከሩብ በታች። የእንቅልፍ አልባ ደም ክር አከለ፣ ቀይ ክር፣ እናትየው ከምትበጥሰው ያጠረ።  ክፍሉ ታያት፤ ዛፉ፣ መስኮቱ፣ ቁልፉ በሯ ላይ ሲዞር ቀጭ።

ውጪ ድምፅ ተሰማ። «ደህና ዋልሽ ልጄ?» «ደህና ዋሉ» አለች ሬድዮ። ከዚያ ፀጥ። በቃ፣ ሬድዮ አለቀባት።

«ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ!»

ጄኔራሉ «እሰይ!» አለና ቶሎ «ይግቡ ጋሼ!» አደረገው።

ጋሽ ፖስታ ገቡ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፣ ሽቦ ፊት ቆሙ። ሽቦ ቆማለች፣ መነሳቱ ተርፏታል። እጁስ? ሁለት እጅ ተዘርግቶ ሁለት እጅ ይጠብቃል። እናትየው እያየች ነው። ጆይስቲኩን ብትጥል ቁንጫ ሞተች፣ ባትጥል እሷ ሞተች። እናም ጭንቅላቷ ሳያስብ እጆቿ አሰቡላት፤ ለታላቅ ሰው ዕቃ ሲሰጥም በሁለት እጅ ነው አይደል? ጎንበስ ብላ ጆይስቲኩን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

«ይያዙልኝ ጋሼ!»

ጋሽ ፖስታ ደግሞ በሕይወታቸው እጃቸው ላይ የተቀመጠ ዕቃ ጥለው አያውቁም። ጥብቅ አድርገው ያዙት። «ምንድነው? ለማን ነው የሚደርሰው?»

«ለዛ!» አለች ሽቦ ወደ ጭራቁ እያመለከተች። ሌላ ምን ትበል? «ማህተም ይምቱበት ጋሼ! በአውራ ጣት! በቀኙ!»

«የቱ ላይ? ይቺ ላይ?»

ጧ ጧ ጧ ጧ ጧ።

እንዴት አድርጌ ልንገርሽ! ቁንጫ ያለ ምንም ዘዴ፣ ሳትዘል ሳትሾልክ፣ ቆማ የጭራቁን እግር እንደ ደብዳቤ ትደበድበዋለች። እንቅልፍ አልባ አፉን ከፈተ፣ እጁን አነሳ፣ ሊያነሳት ጎንበስ አለ። ጧ ጧ ጧ። ክሯ ተበጠሰች። ያ ቤት የሚያክል ነገር ተንገዳገደና እንደ ተነቀለ መጋረጃ ወረደ። ሰባተኛው በር ተከፈተ፣ ብርሃን ሳሎኑን ሞላው፣ ሙዚቃው ተነሳ።

ጋሽ ፖስታ አሁንም ይመታሉ። «በቃ ጋሼ፣ በቃ! ሞተ!»

«ደረሰው?»

«ደረሰው!»

ሽቦ ጮኸች፣ ዘለለች፣ ጥቅል ጨርቅ አቀፈች። ጄኔራሉ ከዚያ በላይ ጮኸ። «አይቆጠርም! እሷ አልገደለችም! እሳቸው ናቸው የገደሉት!»

«ደሙን ማን ጨረሰው? ክር ነበር የቀረው!»

«ክርም ቢሆን የገደለ ነው ያልነው! የገደለ!»

ሁለቱም ወደ እናታቸው ዞሩ። እናትየው መቀሷን አስቀመጠች፣ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች፣ ቀስ ብላ ጠቀለለች። እያሾፈች እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ቀስ ስትል ነው።

«እኔ የሰማሁት የገደለ ይወስዳል ነው» አለች። «የገደሉት ጋሽ ፖስታ ናቸው። እንግዲህ ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ክፍል አግኝተዋል።»



«ምን ክፍል?» አሉ ጋሽ ፖስታ። ነገሯቸው። ሄደው አዩት። መስኮቱን ከፈቱ፣ መንገዱን አዩ፣ ዛፉን አዩ። «ይሄ መስኮት እኮ ስንቱን በር ያሳያል! ቀዩ ያውና፣ ሰማያዊው ያውና...» አሉ በጣታቸው እየቆጠሩ።  ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«እኔ ማደሪያ አላጣሁም» አሉ። «ግን የሰጡኝን ልስጥ ካልከለከላችሁኝ፣ ታሪኬን ለመስማት ለሞተችው ልጅ ሰጥቻለሁ። እኔ ከሰዓት ከሰዓት እመጣለሁ። እዚህ መስኮት ላይ ወንበሬን አድርጌ፣ በር በር እያሳየሁሽ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግርሻለሁ። ሳሎን ውስጥ እኮ በደንብ አልሰማሽኝም፤ የስፌት መኪናው እየረበሸን።»

ጄኔራሉ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ጋሼ፣ ቆይ... እውነቱን ልንገርዎት፣ እሷ እኮ...»

«ንገራቸው» አለች እናትየው። «ምንድነው እውነቱ? ማን ነው ከሰዓት ከሰዓት ብቅ ይበሉላት ያላቸው? ለምን ሲባል? እስቲ ንገራቸው፣ እኔም ልስማ።»

ጄኔራሉ አፉን ከፈተ። ዘጋ። ደግሞ ከፈተ። «...እሷ እኮ በጣም ነው የምትወድዎት» አለና ዕቃ ቤቱ ገባ። መጥረጊያው ሲወድቅበት ሁሉም ሰሙ።

ሽቦስ? ሽቦም አፏን ከፍታ ነበር። «አልፈልግም» ብትል ክፍሉ ይሄዳል፤ «እፈልጋለሁ» ብትል ከሰዓቷ ሁሉ ይሄዳል። ጋሽ ፖስታ እያዩዋት ነው፣ እንደ ልጅ። «ወንበሩን የት ጋ ላድርግልዎት ጋሼ?» አለች።

ከዚያ ትራሷን ብብቷ ስር፣ ቁልፉን እጇ ላይ አድርጋ እየበረረች ወደ ውጪ ወጣች። ሬድዮ አሁንም በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆማለች፤ ማንም በቃሽ ስላላላት።

«አገኘሁት! ሬድዮዬ፣ ክፍሉን አገኘሁት! መስኮት፣ ዛፍ፣ ቁልፍ! ብቻ ከሰዓት ከሰዓት ጋሽ ፖስታ ይመጣሉ፣ መስኮቱ ጋ ያለው ወንበር የሳቸው ነው፣ መስኮቱም ያው የሳቸው ነው በይው፣ በሩንም ከሰዓት አልቆልፈውም ምክንያቱም ያንኳኳሉ፣ ጌሙንም ያን ሰዓት መጫወት አልችልም ምክንያቱም አሁን ራሳቸው መጫወት ይፈልጋሉ፣ ‹ሌላ የሚደርሰው የለም ወይ?› እያሉ ነው። ግን የኔ ነው! የኔ አይደለም?»

ሬድዮ ቁልፉን አየችው። በመስኮቱ ቀና ብላ ጋሽ ፖስታን አየቻቸው፤ ወንበራቸውን እያመቻቹ እጃቸውን አውለበለቡላት። ከዚያ የዕለቱን ድርሻዋን ተናገረች፣ እኔም ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምነግርሽ፦

«ጋሼን፣ ሬድዮ እንኳን ደስ ያለዎት ብላለች በያቸው።»